አንደኛው ደንብ

«እኔ እኮ ተመዝግቤ ጨረስኩ» አለች ሬዲዮ፣ ስልኳን ቀጮ አፍንጫ ሥር ደቅና። «ፎቶዬ ብቻ ነው የሚያስጠላው። እዪው እስቲ፣ ከእስር ቤት የወጣሁ አልመስልም?»

ቀጮ ፎቶውን አላየችም። ዓይኗ የተተከለው ከፎቶው በላይ ባለው ሰማያዊ አርማ ላይ ነው። የሳይንስ አዳሪ ትምህርት ቤቱ አርማ። በእነሱ ቤት ላፕቶፕ ላይ ሁለት ሳምንት ሙሉ አልከፈት ብሎ ነጭ ሰሌዳ ብቻ ሲያሳያት የከረመው ገጽ፣ እዚህ በተሰነጣጠቀ ስልክ ላይ ቁልጭ ብሎ ተከፍቷል።

«መቼ ተስተካከለ?» አለች።

«ምኑ?»

«ገጹ። ተበላሽቶ አልነበር እንዴ?»

«ምን ተበላሽቶ? የአክስቴ ልጅ ገና በተከፈተ ቀን ነው የተመዘገበችው።» ሬዲዮ አንገቷን ሰበር አድርጋ አየቻት። «ቆይ፣ አንቺም ልትመዘገቢ ነው?»

«አይ፣ እንዲሁ ነው» አለች ቀጮ።

ሬዲዮ ይህ ስም የወጣላት በከንቱ አይደለም። ጠዋት የሰማችውን እስከ እረፍት ሰዓት ለአራት ክፍል ታዳርሳለች። ቀጮ ደግሞ ቀጮ የተባለችው ገና በዳዴ ሳለች ነው። ስሙን ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ሲሆን ስሙም ተከትሏት ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። ለመመዝገብ ማሰቧንም ከእሷ ሌላ የሚያውቀው ይኸው ወንድሟ ብቻ ነበር። ማስታወቂያውን ያሳየችው ቀን ከዳር እስከ ዳር አብረው አነበቡት። ዘጠነኛ ክፍልን ዘንድሮ የሚጨርሱ ብቻ፣ ምዝገባው በኢንተርኔት ብቻ፣ የሚያበቃው አርብ በአሥራ አንድ ሰዓት።

«እስክታልፊ ድረስ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ» ብሏት ነበር። «ከወደቅሽ መሳቂያ ነው የምትሆኚው። ለእማዬም ቢሆን ቆይ። በባዶ ሜዳ አታስጨንቂያት።»

እሷም እሺ አለች። ሁሉን ነገር የሚያስብላት ወንድም ስላላት ኩራት ቢጤ ተሰምቷት ነበር።

ሬዲዮ ስልኳን ያሳየቻት ዕለት ረቡዕ ነበር። ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ስትመለስ ነገሩን በሐሳቧ ስታገላብጥ፣ ወንድሟን መጠርጠር ጨርሶ አልመጣባትም። እንዲያውም አሳዘናት። ገጹ በሰው ስልክ ላይ ከሠራ፣ ችግሩ ኢንተርኔቱን ለቤታቸው ከሚያከፋፍለው ራውተር ነው ማለት ነው። ራውተሩን ያስተካከለው ደግሞ እሱ ነው። የገዛ ሥራውን ስህተት ሳያየው ቀርቶ ይሆናል። ከሥራ ሳይመለስ አስተካክላው ብትጠብቀው ደስ ይለዋል ብላ አሰበች።

ወንድሟን ጋሼ ብላ ነው የምትጠራው። የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የኔትወርክ ባለሙያ ነው። ቁም ሳጥኑ አናት ላይ የተቀመጠውን ራውተር መሥሪያ ቤቱ ሲጥለው ለምኖ ያመጣው እሱ ነው። የፊተኛው ክፍል የእናታቸው የልብስ ስፌት ቤት በመሆኑ፣ ልክ ሊያስወስዱ የሚመጡት ደንበኞች ተራ እስኪደርሳቸው በዋይፋይ ይጠቀማሉ። ጋሼ የእነሱ ስልክ ወደ ቤቱ ላፕቶፕ እንዳይደርስ፣ ቪዲዮ እያወረዱ መሥመሩን እንዳያጨናንቁ፣ ይህ እንዲያልፍ፣ ያ እንዳያልፍ እያለ የሚገባውንና የሚወጣውን በሚቆጣጠረው ፋየርዎል ላይ ሠላሳ አንድ ደንብ ጽፏል። ከእያንዳንዱ ደንብ ጎን ምን እንደሚሠራና የተጻፈበትን ቀን ያሰፍራል። «ቀን ያልተጻፈበት ሥራ የሰነፍ ሥራ ነው» ይላል።

ሰባተኛ ክፍልን ስትጨርስ ፓስወርዱን ሰጣት። «ብታበላሺው አብረን እናስተካክለዋለን» አላት። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ደንብ መጻፍ የሁለቱ ጨዋታ ሆነ። የጓደኞቿ ወንድሞች እህቶቻቸውን ሪሞት እንኳን አያስነኩም። ጋሼ ግን የቤቱን በር ቁልፍ ያህል ነገር እጇ ላይ አስቀምጦላታል። ያላስተማራት አንድ ነገር ቢኖር የደንቦቹን ቅደም ተከተል ነው። «እሱን ለኔ ተይው» ይላት ነበር።

ላፕቶፑን ከፍታ የገጹን አድራሻ ፈለገች። እያንዳንዱ ገጽ ከስሙ ሌላ በቁጥር የሚጻፍ አድራሻ እንዳለው ታውቃለች። ቁጥሩን በእስክሪብቶ እጇ ላይ ጻፈችው። ከዚያ በቀጥታ ወደ ዝርዝሩ መጨረሻ ወርዳ ሠላሳ ሁለተኛውን ደንብ ጨመረች፦ ወደዚህ አድራሻ የሚሄደውን ፍቀድ። ቀኑንም አልረሳችም።

ገጹን ከፈተችው። ያው ነጭ ሰሌዳ ነው።

ማታ ራት ላይ ጋሼን በጨዋታ መሀል «ያ ገጽ አሁንም አልተስተካከለም?» አለችው፣ እናታቸው ውሃ ልታመጣ ስትነሳ።

«ሰርቨራቸው ደካማ ነው» አለ፣ ዓይኑን ከሳህኑ ላይ ሳያነሳ። «ያ ሁሉ ልጅ ባንዴ ሲገባበት ምን ያድርግ? አርብ ሲደርስ ይለቃል።»

ስለ ሬዲዮ ስልክ ልትነግረው አፏን ከፈተች። ከዚያ ለምን እንደሆነ ሳታውቀው በጉርሻ ዘጋችው።

ሐሙስ ዕለት በእረፍት ሰዓት የኮምፒውተር መምህሯን ፍለጋ ሄደች። መምህሯ የላቦራቶሪውን ቁልፍ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የምትዞር፣ አጭር፣ ፈጣን ሴት ናት። ላቦራቶሪው ጣሪያው እየታደሰ ስለሆነ ያን ሰሞን ቁልፉ የሚከፍተው የቀለም ባልዲ የታጨቀበትን ባዶ ክፍል ብቻ ነበር።

«ቲቸር፣ አንድ ገጽ እንዲፈቀድ ደንብ ጽፌ አልሠራ አለኝ።»

«የት ቦታ ጻፍሽው?»

«መጨረሻ ላይ።»

መምህሯ ፈገግ አለች። «አንድ የበር ጥበቃ አስቢ። እጁ ላይ የስም ዝርዝር አለ። ሰው ሲመጣ ከላይ ጀምሮ ያነባል። የሰውየውን ስም ያገኘበት የመጀመሪያው መሥመር ላይ ያቆማል። ያ መሥመር ‹አታስገባ› ካለ አለቀ። ከታች አሥር ጊዜ ‹አስገባ› ብትዪው እዚያ አይደርስም፣ አያነበውም።»

«ስለዚህ ከእኔ በላይ ሆኖ የሚከለክል አለ ማለት ነው?»

«ሳይኖር አይቀርም። ምናልባት ብዙ ነገር ባንዴ የሚከለክል ሰፊ ደንብ ከላይ ተቀምጦ ይሆናል። ሁሌ አንድን ነገር ብቻ የሚነካውን ከላይ፣ ሰፊውን ከታች ነው የምንጽፈው። ከደንቦቹ ጎን ቁጥር አለ አይደል? እያንዳንዱ ስንት ጊዜ እንደሠራ የሚቆጥር ነው። ገጹን ለመክፈት ሞክሪና የየትኛው ቁጥር እንደሚጨምር እዪ። እሱ ነው ጥፋተኛው።» ቁልፉን ወደ ደረቷ መለሰችው። «የቤታችሁን ማን ነው የሠራው?»

«ወንድሜ። ሥራው ነው።»

«ታዲያ ምን አደከመሽ? እሱን አትጠይቂውም?»

ቀጮ አመስግናት ወደ ክፍሏ ሮጠች።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ የፊተኛው ክፍል ውስጥ ተንበርክካ፣ ስፒል በከንፈሯ ይዛ የአንዲት ወፍራም ሴትዮ ቀሚስ ታሳጥር ነበር። በአፏ ስፒል ስላለ በቅንድቧ ሰላም አለቻት። ቀጮ ወደ ጓዳ አልፋ በሩን ገርበብ አደረገችና ላፕቶፑን ከፈተች።

መጀመሪያ የራሷን ደንብ አየች። ቆጣሪው ዜሮ ይላል። ከትናንት ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ አልሠራም።

ገጹን ለመክፈት ሞከረችና ዝርዝሩን ከላይ ማንበብ ጀመረች። ብዙ መሄድ አላስፈለጋትም። የአንደኛው ደንብ ቆጣሪ ሦስት መቶ ሰማንያ ስድስት ነበር። ዓይኗ እያየ ሦስት መቶ ዘጠና አንድ ሆነ። እንደገና ሞከረች። ሦስት መቶ ዘጠና ስድስት።

ከደንቡ ጎን «ለፕሪንተር» ይላል።

ፕሪንተሩ አምና ወረቀት ማኘክ ስለጀመረ ከቤት ወጥቶ ተጥሏል። ባለ ሁለት እጀታ ዘንቢል ውስጥ አድርገው ያወጡት እሷና ጋሼ ናቸው። ቀጮ እጇን ገልብጣ በእስክሪብቶ የጻፈችውን ቁጥር ከደንቡ ላይ ካለው አድራሻ ጋር አንድ በአንድ አመሳከረች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ነው። ሰፊ ደንብ አልነበረም። በስህተት ብዙ ነገር የሚጠርግም አልነበረም። ይህን አንድ ገጽ ብቻ ለመዝጋት የተጻፈ ነው።

ቀኑም ተጽፏል። ውሸት እየጻፈ ሳለ እንኳ እጁ ልማዱን አልተወም። ማስታወቂያውን ባሳየችው ማግስት ነው።

ክው ብላ ቀረች። ጆሮዋ ጋለ። ከፊተኛው ክፍል የስፌት መኪናው ሲንቀጠቀጥ፣ ሲያቆም፣ እንደገና ሲነሳ ይሰማታል። ያለፈው ሁለት ሳምንት ከነዝርዝሩ ተመለሰላት። ‹ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ።› ለሬዲዮ ነግራት ቢሆን ኖሮ ገጹ እንደሚሠራ በማግስቱ ታውቀው ነበር። ‹ለእማዬም ቢሆን ቆይ።› ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። ገጹ እምቢ ባለ ቁጥር ጋሼ አጠገቧ ወንበር ስቦ ይቀመጥ ነበር። «እስቲ እንደገና ሞክሪ» ይላታል። አብሯት ይጠብቃል። አብሯት ይበሳጫል። አንድ ቀን እንዲያውም የትምህርት ቤቱን ሰርቨር «ከቆርቆሮ የሠሩት ነው መሰለኝ» ብሎ አስቋት ነበር።

ማልቀስ ፈልጋ አልመጣላትም። እንደዚያው ተቀምጣ ጠበቀችው።

ጋሼ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲል መጣ። እናቱን ጉንጯን ስሞ፣ ለሴትዮዋ እጅ ነስቶ፣ እያፏጨ ወደ ጓዳ ገባ። ቀጮ ላፕቶፑን ወደ እሱ አዞረችው። ፉጨቱ መሀል ላይ ተቆረጠ። ቦርሳውን ከትከሻው ለማውረድ ረጅም ጊዜ ፈጀበት።

«ፕሪንተር የለንም» አለች።

በሩን ዘጋና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «ላስረዳሽ።»

«አስረዳኝ።»

«አዲስ ሥራ አግኝቻለሁ። ሌላ ከተማ ነው። በሚቀጥለው ወር እጀምራለሁ። የቅጥር ደብዳቤውን የፈረምኩት አንቺ ማስታወቂያውን ካመጣሽበት ቀን ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ነው።» መዳፎቹን አፋተገ። «የዓይን ሐኪሙ ስለ እማዬ ያለውን አንቺ አልሰማሽም። ዓይኗ እየደከመ ነው የሚሄደው። መርፌ የሚያስገባላት፣ ክር የሚለይላት ሰው ያስፈልጋል። ሁለታችንም ከሄድን ብቻዋን ነው የምትቀረው።»

«ስለዚህ አንተ ትሄዳለህ፣ እኔ እቀራለሁ።»

«እንደዚያ አይደለም።»

«እንዴት ነው ታዲያ?»

የቦርሳውን ማንገቻ በጣቱ ጠቀለለ።

«አንቺ ገና ልጅ ነሽ» አለ። «ሌላ ዕድል ይመጣልሻል።»

«የሚቀበሉት ዘንድሮ ዘጠነኛን የሚጨርስ ብቻ ነው። አብረን ነው ያነበብነው ጋሼ። አንተ ነህ ጮክ ብለህ ያነበብከው።»

«ብነግርሽ እሺ ብለሽ ትቀሪ ነበር?»

ቀጮ ጥያቄውን በእውነት አሰበችበት። «አላውቅም» አለች። «ልቀር እችል ነበር። ስለ እማዬ ከሆነ ልቀር እችል ነበር። አሁን ግን ሁለታችንም አናውቀውም፤ ምክንያቱም አልጠየቅከኝም።» ጣቷን አጠገቧ ወዳለው ባዶ ወንበር ቀሰረች። «‹እንደገና ሞክሪ› ትለኝ ነበር እኮ። አጠገቤ ተቀምጠህ።»

ጋሼ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሲገልጠው ከሃያ አምስት ዓመቱ በላይ ያረጀ መሰለ። «አጥፍቻለሁ» አለ። «አምጪው፣ አሁኑኑ ልሰርዘው።» እጁን ወደ ላፕቶፑ ዘረጋ።

«አትንካው።»

እጁ አየር ላይ ቀረ። ቀጮ ከዝርዝሩ ግርጌ ያለውን የራሷን ደንብ ያዘችና ወደ ላይ መጎተት ጀመረች። ሠላሳ አንዱን ሁሉ አሳልፋ አናት ላይ አስቀመጠችው። የእሱ ወደ ሁለተኛ ወረደ። ገጹን ከፈተች። ሰማያዊው አርማ ወዲያው ወጣ። ይህን ያህል ቀን የጓጓችለት ነገር ሲከፈት ደስታ ይሆናል ብላ ነበር። ደስታ ግን አልሆነም።

«የኔን አታጠፊውም?» አለ ቀስ ብሎ።

«ከሥር ሆኖ ምንም አያደርግም። ስትፈልግ ራስህ አጥፋው።»

ላፕቶፑን አቅፋ ተነሳች። ጋሼ በሩ አጠገብ ደረሰባት። «ለእማዬ ልትነግሪያት ነው?»

«የኔን እነግራታለሁ። ያንተን አንተ ንገራት።»

ደንበኛዋ ሄዳለች። እናታቸው መስኮቱ ሥር ቁጭ ብላ ክር በምራቋ አሹላ መርፌ ለማስገባት እየታገለች ነበር። ጫፉ በቀኝ ያልፋታል፣ በግራ ያልፋታል። ቀጮ እንደ ወትሮው መርፌውን ተቀብላ አስገባችላትና አጠገቧ ተቀመጠች። ከዚያ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ምዝገባው፣ አዳሪ ስለመሆኑ፣ ነገ ስለማብቃቱ ነገረቻት።

«ነገ?» አለች እናቷ። «እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?»

«ገጹ አልከፈት ብሎኝ ነበር።»

ይህ እውነት ነው። እናትየው ግን ዓይኗ ቢደክምም ልጆቿን የምታየው በዓይኗ ብቻ አልነበረም። ቀጮን አየች፣ ቀጥላ ደፉ ላይ እንደ ተቀጣ ተማሪ የቆመውን ልጇን አየች። «አንተስ ምን ሆነህ ነው እዚያ የተገተርከው?»

ጋሼ ጉሮሮውን ጠረገና ሥራ ማግኘቱን ተናገረ። ከተማውን ተናገረ፣ ወሩን ተናገረ። ሐኪሙ ስላለው ሲደርስ ቃል አጠረው። «ብቻሽን እንዳትቀሪ ብዬ…» ብሎ ቀሪውን ዋጠው።

እናታቸው መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ወለወለች። «እና እኔ ሳልሰማ ዓይኔን ቁጭ ብላችሁ ተካፈላችሁት?»

«እኔ ዛሬ ነው የሰማሁት» አለች ቀጮ።

«ይታየኛል። ያን ያህል አልታወርኩም።» መነጽሯን መልሳ አደረገች። «መርፌ የሚያስገባ መሣሪያ አለ እኮ፤ ሱቁ ሞልቶታል። ያልገዛሁት አንቺ ስታስገቢልኝ ስለምትለፈልፊና ወሬሽ ደስ ስለሚለኝ ነው። እኔን ሳይጠይቅ እኔን የሚጠብቅ ግን አልቀጠርኩም።» የመጨረሻውን ወደ በሩ እያየች ነው ያለችው። ጋሼ አንገቱን ደፋ። እሷም ከዚያ በላይ አልጨመረችም። የተቀረውን ለብቻው ልትለው እንዳቆየችለት ግን ያስታውቃል።

«በይ ወንበርሽን ሳቢ» አለቻት ቀጮን። «አንቺ ጻፊ፣ እኔ እነግርሻለሁ። የተወለድሽበትን ቀን ደግሞ የትምህርት ቤት መታወቂያሽ ላይ እንደተሳሳቱት እንዳትሳሳቺ።»

ሞሉት። ስም፣ ክፍል፣ የዓመቱ ውጤት። ቀጮ ፎቶዋን ያስገባችው ሳትመርጥ ነው። እናቷ ለወላጅ ፈቃዱ ወረቀት ላይ ፈረመች፤ ቀጮ ፊርማውን በላፕቶፑ ካሜራ አንስታ ላከችው። ጋሼ አልተቀመጠም፣ አልሄደምም። የበሩን መቃን ተደግፎ ቆሟል።

ወደ መጨረሻው ገጽ ደረሱ። «ከወላጅ ሌላ፣ በአስቸኳይ ጊዜ የሚጠራ የቅርብ ሰው» ይላል። ሥሩ ላይ ለስምና ለስልክ ቁጥር ሁለት ባዶ ቦታ አለ።

«ወንድምሽን ጻፊዋ» አለች እናቷ። «ቁጥሩን በቃልሽ ታውቂው የለ?»

ቁጥሩን በቃሏ ታውቀዋለች። የአንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለች፣ ብትጠፋ ለሰው እንድትነግር ብሎ እንደ መዝሙር ያስጠናት እሱ ነው። ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ አረፉ። ዞር ብትል በሩ ላይ ከቆመው ጋሼ ጋር ዓይን ለዓይን እንደሚገጣጠሙ አውቃ ዞር አላለችም።

«ይሄኛው ግዴታ አይደለም» አለች። ሁለቱንም ባዶ ትታ «ቀጥል» የሚለውን ተጫነች።